ሞዴል 22 ያልተቆረጠለት ሻንጣ

ዕድሜዬን የፈጀሁት በግምጃ ቤት ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እየቆረጥሁ፣ ሚስማር በኪሎ፣ ወረቀት በደስጣ እያስረከብሁ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከእጄ የጎደለ ንብረት የለም፤ ኦዲተር እኔ ዘንድ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ነበር የሚሄደው። ይህን የምነግራችሁ ስለ ዕቃ ለመናገር መብት ያለኝ ሰው መሆኔን እንድታውቁልኝ ነው። በገዛ ቤቴ ስለ ሻንጣ አንድ ቃል በተነፈስሁ ቁጥር «አባዬ፣ አንተ ይሄ አይገባህም» እየተባልሁ ከርሜያለሁና።

ሁለተኛዋ ልጄ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ከስልኳ ላይ አንድ ዝርዝር ቀድታ መጣች። «የሆስፒታል ሻንጣ» ይላል አናቱ ላይ። በእኔ ዘመን ሻንጣ የሚታሰረው ሰው አገር ሊለቅ ሲነሳ ነበር። እኔ ራሴ በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስወጣ ከዚህ ያነሰ ጓዝ ነው የያዝሁት፤ ያውም መቼ እንደምመለስ ሳላውቅ። ልጄ ግን ታክሲ ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ለሚደረስበት ሆስፒታል ሦስት ሻንጣ ያስፈልጋል አለች። አንዱ የእናት፣ አንዱ የሕፃኑ። ሦስተኛው፣ እባካችሁ እንዳትስቁ፣ የአባት።

ከእናትየው እንጀምር። ከፊት የሚከፈት ፒጃማ፣ ገዋን፣ የሻወር ነጠላ ጫማ፣ የክፍል ነጠላ ጫማ፣ የማያንሸራትት ካልሲ፣ የከንፈር ቅባት፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የራሷ ትራስ፣ ሙዚቃ የምትሰማበት የጆሮ ማዳመጫ፣ ሽታው መንፈስ የሚያረጋጋ ሻማ። ሻማ! ነዳጅና ክብሪት አንድ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጡ ዕድሜ ልኬን ስጮህ ኖሬ፣ ልጄ ኦክስጅን ባለበት ቤት ሻማ ልታበራ መሆኑን ስሰማ ዝም ልበል? ደግሞስ በምጥ መሀል ሽታ የሚያጣጥም ማን ነው? እናቷ አራት ስትወልድ ያሸተተችው ዴቶል ብቻ ነው።

ዝርዝሩን መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብሁት። የተጻፈው ለእኛ አይደለም። የብቻዋ ክፍል ተሰጥቷት፣ መጋረጃ ተጋርዶላት፣ ባሏ አጠገቧ ሶፋ ላይ እያንጎላጀ ለምትወልድ ሴት ነው። እኛ ጋ አልጋ ከአልጋ ተጠጋግቶ፣ አስታማሚው ግቢ ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚያነጋው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ማንኪያ የለም። ስኒ የለም። አጥሚት የሚሞላበት ፔርሙዝ የለም። ከሁሉ ከሁሉ ገንፎ የለም! በገንፎ ፈንታ «ኃይል ሰጪ ብስኩት» ይላል። አራስ በብስኩት ወገቧ ሊጠና! በገጠር እንኳ ስንት ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸውን የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያ ሠርቶ ገንፎውን እዚያው ያስገነፋል፤ የእኔ ከተሜ ልጅ ግን በቸኮሌት የተለበጠ ብስኩት ትገዛለች።

ባለቤቴ ከዝርዝሩ ጋር የተጣላችው በሌላ በኩል ነው። እሷ ያደገችው ላልተወለደ ልጅ ልብስ በማይገዛበት ቤት ነው። ጣት የምታህል ካልሲ አልጋ ላይ ተዘርግታ ስታይ ሦስት ጊዜ አማተበች። «ማርያም ሳታወጣሽ?» አለች። ከዚያም ማንም ሳያያት የሕፃኑን ልብስ በሙሉ በፌስታል ጠቅልላ የላይ ቤቷ እትዬ ዘንድ በአደራ አስቀመጠችው፤ እዚያ ቤት ነፍሰ ጡር ስለሌለች ምንም አያመጣም ብላ። ልጄ ልብሱን ፈልጋ ስታጣ ቤቱ ተተራመሰ። ሁለቱ ሲታረቁ ደግሞ ባሰ። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል የሰማሁት ሁሉ ለስድብ ነበር፤ አራት የወለደችው ባለቤቴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ «በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ ልቀቂ» እየተባለች አተነፋፈስ ስትለማመድ ግን በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

መቃወም እንዳላዋጣ ያየችው ባለቤቴ ዘዴዋን ቀየረች። ዕቃ ማስቀረቱን ትታ በድብቅ መጨመር ያዘች። ጸበል በሃይላንድ፣ ጤና አዳም በወረቀት፣ በትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ለጋ ቅቤ፣ በሕፃኑ ፎጣ የተጠቀለለ የሽንኩርት ቢላ። አራስ ብቻዋን ስትሆን ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ከራስጌዋ ብረት ይቀመጣል አይደል። እንግዲህ ሻንጣው ውስጥ ሽታው የሚያረጋጋ ሻማና የሽንኩርት ቢላ ጎን ለጎን ተኝተዋል። እናትና ልጅ አንዷ የሌላዋን ሳታውቅ አንድ ዚፕ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ግን አይገባህም ተብያለሁ፤ ዝም አልሁ።

ወደ ድሮው እንመለስ የምል እንዳይመስላችሁ። እናቴ መንዝ ውስጥ መደብ ላይ ነበር የምትወልደው፤ ዘጠኝ ወልዳ ያደግነው አምስት ነን። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ እንደሚለው በ1992 ዓ.ም. በአገራችን ከመቶ ወሊድ በጤና ተቋም የሚወለደው 5 ያህል ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 26 ሆነ፣ በ2011 ዓ.ም. 48። በ1992ቱ ጥናት 100,000 ሕፃናት በሕይወት በተወለዱ ቁጥር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ 412። ንብረት ሲቆጥር ለኖረ ሰው የእነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም፤ 412ም ቢሆን ገና የሚያስተኛ ሂሳብ አይደለም። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ በነፃ ነው፤ ሂዱ፣ ውለዱ፣ አዋላጅ ነርሶቹን እግዜር ይስጣቸው። ጠቤ ከሻንጣው ጋር ነው።

ይልቅ ስለ አባትየው ሻንጣ ልንገራችሁ። ፓወር ባንክ፣ ሁለት ዓይነት ቻርጀር፣ ማራዘሚያ ገመድ፣ ሹራብ፣ አንገት ላይ የሚጠለቅ ትራስ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሽቶ። ሽቶ ለማን እንደሆነ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። በእኔ ጊዜ ሚስቱ ምጥ የያዛት ሰው ቢሮው ገብቶ ብዕር ይዞ ቁጭ ነበር የሚለው፤ ምን እንደሚጽፍ ግን አያውቅም። አሁን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ደግሞ ከነደመወዙ 3 ቀን ይሰጣል። አልቃወምም፤ ሕግ ነው። ግን አማቼ ሦስቱን ቀን እንዴት እንደሚጠቀምባቸው ያወጣውን ዕቅድ ብታዩት የድልድይ ሥራ የተረከበ ይመስላችኋል። በዕቅዱ ውስጥ «ዕረፍት» የሚል ርዕስ አለው። እሱ ነው ወላዱ?

ምጡ የመጣው በነሐሴ ሌሊት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። አማቼ በስልኩ ታክሲ ጠራ። ልጄ ወገቧን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማለች፣ ባለቤቴ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፣ እኔ ሦስት ሻንጣ ተሸክሜ በጭቃ ውስጥ እንሸራተታለሁ። የማያንሸራትተው ካልሲ ለእኔ ነበር የሚያስፈልገው። ባለታክሲው ወርዶ ሻንጣዎቹን አየና «ኤርፖርት ነው?» አለ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ፍተሻ አለ። ልጄን በተሽከርካሪ ወንበር ወዲያው አስገቧት፤ ባለቤቴ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለች። ከሻንጣው ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። ጥበቃው ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ የመጀመሪያውን ዚፕ ከፈተ። ሻማውን አውጥቶ አሸተተው። መልሶ አሸተተው።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«ሻማ ነው።»

«መብራት እኮ አለን። ጀነሬተርም አለን።» ወደ ጎን አስቀመጠው።

ቀጥሎ ፎጣውን ሲተረትር ቢላው ጠረጴዛው ላይ ቅጭል ብሎ ወደቀ። ቢላውን አየ፤ እኔን አየ፤ ሽበቴን አየ። «ለአራስ ነው» አልሁት። «ለአራስ ቢላ?» «ከራስጌዋ የሚቀመጥ።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ቀነስ አድርጎ «እናቴም ታስቀምጥ ነበር» አለኝ፤ ቢላውን ግን ከሻማው ጋር መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ሲወጡ ይወስዳሉ።» ደረሰኝ ጻፍልኝ ስለው ሳቀ። እኔ እየቀለድሁ አልነበረም።

ውስጥ ስገባ አዋላጅ ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «የክትትል ካርድ!» አለች። የደም ዓይነቱ፣ አልትራሳውንዱ፣ ስምንት ወር የተለካ ግፊት ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ካርዱ የለም። ሦስቱን ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ ዘረገፍናቸው። ፒጃማ እዚህ፣ ዳይፐር እዚያ፣ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እየዘለለን ያልፋል። በመጨረሻ ከአባትየው ሻንጣ ሥር፣ ከቆሎው ፌስታል በታች ተገኘ። ቆሎ ተመችቶት ተቀምጧል፣ ካርዱ ተጨፍልቋል። ነርሷ ተቀበለችና «ነጠላ፣ ሞዴስ፣ የሕፃን መጠቅለያ፣ ኮፍያ» አለች። አራት ነገር። ሁሉም በአንድ ፌስታል ገባ። «ሌላውን መልሱት፤ ማስቀመጫ የለንም።»

ሌሊቱን እንዲህ አሳለፍሁት፦ አስታማሚዎች በሚያድሩበት የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሦስት ሻንጣ በእግሮቼ መሀል አቅፌ። ጡረታ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣችው አንዲት ልጅ ናት። «አባባ፣ ሶፍት ይኖርዎታል?» ሰጠኋት። ይህን ያየች ሌላዋ ዳይፐር ጠየቀች፤ የእህቷ ልጅ ሳይታሰብ ቀድሞ መጥቶባቸው ነው። ሰጠሁ። ከዚያ ወሬው ግቢውን ዞረ። ከሰሜን ሸዋ ገጠር ሚስቱ ሪፈር ተብላለት በአምቡላንስ የመጣ ሰው ነበር፤ ጋቢውን ለእሷ አልብሶ እሱ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል። የአማቼን ሹራብ አወጣሁና አለበስሁት። ልክ ነው የመጣለት፤ እንዲያውም ከአማቼ ይልቅ አማረበት። የአንገቱን ትራስ አንድ ሽማግሌ እግራቸው ሥር አደረጉት። የከንፈሩን ቅባት አንዲት እናት ለተረከዛቸው ወሰዱት። በፓወር ባንኩ ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች ስልክ ወረፋ ይዞ ይሞላል። የጎደለን ቀጭኗ ፒን ናት፤ ከግማሽ የሚበልጠው ሰው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል? ሽቶውን ማንም አልጠየቀም።

የተጠየቅሁትና ያላገኘሁት ግን አንጀቴን አሳረረኝ። ማንኪያ፣ ስኒ፣ ስኳር፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሳሙና። በዚያ ግቢ ስኒ ያለው ሰው ባለሥልጣን ነው። አንዷ ሴትዮ አንዲት የፕላስቲክ ኩባያ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ በእሷ ሲያስተዳድሩን አደሩ፤ ማን ሻይ እንደሚጠጣና በስንተኛ ተራ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከውስጥ ደግሞ አልፎ አልፎ ብጣሽ ወረቀት ይወጣል፦ ጓንት የለም፣ ከፋርማሲ ግዙ። በነፃ ነው የተባለው ወሊድ እንዲህ በወረቀት እየሾለከ ነው ኪስ የሚገባው። ዝርዝሩ ላይ ጓንት የለም። የፊት ማስክ አለ፤ ያውም ለመከላከያ ሳይሆን ቆዳ ለማለስለስ የሚለጠፈው።

የሰጠሁትን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁ። ሞዴል 22 አልነበረኝም፤ ተረካቢዎቹን «ባለ ሰማያዊ ሻሹ»፣ «የመንታዎቹ አያት»፣ «ባለ ኩባያዋ» እያልሁ መዘገብሁ። ፊርማ ስጠይቅ አንዱ ብቻ ፈረመልኝ፤ እሱም መምህር ነው።

ሊነጋጋ ሲል በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። በእኛ ወግ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው፤ ለምን እንደሚያንስ እኔን አትጠይቁኝ፤ ልጄ ጠይቃኝ ከእሷ ጋር ተጣልተን ታርቀናል። ሁለተኛው እልልታ መሀል ላይ ነርሷ ወጥታ «እማማ፣ የተኙ ሕሙማን አሉ!» አለቻት። ከሦስቱ አንድ ተኩሉ ተከፍሏል፤ አንድ ተኩሉ በውዝፍ ተይዟል።

ባለቤቴ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም። ሕፃኗን ታቅፋ እያለች ያቺን የመድኃኒት ጠርሙስ ከጡቷ ሥር መዘዘች። ቅቤው ሙቀት አግኝቶ ቀልጧል። ጣቷን ነክራ ልታልሳት ስትል ነርሷ ደረሰች። ምን ዓይነት ዓይን እንዳላቸው እንጃ። «እማማ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አይቀምሳትም። እንገሩን ትጥባ፣ እሱ ነው የመጀመሪያ ክትባቷ።» በእኛ ጊዜ እንገሩ ታልቦ ይደፋ ነበር፣ ቅቤው ይላስ ነበር፤ አሁን እንገሩ ይጠባል፣ ቅቤው ይደፋል። ባለቤቴ ቅቤ አትደፋም። ዞር አለችና ጣቷን ራሷ ላሰችው፣ የተረፈውን ደግሞ አናቴ ላይ ቀባችው። ባርኔጣዬ እስከ ዛሬ ይሸታል።

በጥየቃ ሰዓት የላይ ቤቷ እትዬ ደረሱ። ዝርዝር አላዩም፣ ስልካቸውም ካርድ የለውም። የመጡት ገንፎ ይዘው ነው፤ በምሳ ዕቃ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ መሀሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ገና እየተንተከተከ። ከእሱ ጋር አጥሚት በፔርሙዝ፣ ማንኪያ በጨርቅ፣ ስኒ በቁጥር። ጥበቃው ይህን ሲፈትሽ ክዳኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ «ይለፉ» አለ። አፉ ዳር ላይ በርበሬ ነበር ብለዋል እትዬ። ልጄ ያንን ሁሉ ብስኩት ትታ ገንፎውን በማንኪያ እየቦረቦረች ስትበላ አጠገቧ ቆሜ አየኋት። ምንም አልተናገርሁም። መናገር እችል ነበር።

ከሆስፒታል ወጥተን ቤት እንደገባን ትንሽ አረፍ አለችና «አባዬ፣ ሹራቡ የት ሄደ? ካልሲዎቹስ? ዳይፐሩ ይህ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማስታወሻዬን አውጥቼ አነበብሁላት። «የመንታዎቹ አያት ማን ናቸው?» አለች። አማቼ ስለ ሹራቡ ምንም አላለም፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርድ ባለ ቁጥር እኔን ነው የሚያየው። ቢላውንም ረስተን ነው የመጣነው። ባለቤቴ ሽንኩርት በምላጭ ትከትፋለች፤ በዚህም የሚወቀሰው ንብረት ክፍል ነው።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ከዚያ በፊት ግን የልደት ምዝገባ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እንደሚለው ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፣ ወረዳው ደግሞ ሆስፒታሉ የሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይጠይቃል። ሰነድ ስለሆነ ለእኔ ተዉልኝ፣ በኋላ ወረፋ ይበዛል ብዬ ተነሳሁ። ካፖርቴን ለበስሁ፣ መታወቂያዬን ያዝሁ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ጠየቅሁ።

«እንዳይጠፋ ብዬ ሦስተኛው ሻንጣ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው ያስቀመጥሁት» አለ አማቼ።

ሦስተኛውን ሻንጣ ባለቤቴ ለታችኛው ቤት ልጅ አውሳዋለች። እሷም ወሯ ገብቷል፤ ትናንት ማታ ምጥ ይዟት ሄዳለች አሉ።